አውጥተህ ጣለው ያሉኝ ቴርሞስታት

ሆሳዕና ውስጥ ከታመምክ ሐኪም ፍለጋ ትንከራተታለህ፤ የመኪናህን ኮፈን ከከፈትክ ግን ከተማው በሙሉ መካኒክ ነው። ቅቤ ነጋዴው ይመጣል፣ መምህሩ ይመጣል፣ ለቅሶ የሚሄደው ሳይቀር መንገዱን ትቶ አንገቱን ሞተሩ ውስጥ ያስገባል። ምክሩም አንድ ነው፤ አውጥተህ ጣለው። ምኑን? እሱን አትጠይቅ።

በደርግ ጊዜ አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችኝ። ከጃጁራ ቅቤ፣ ከፎንቆ እህል ለሱቄ የምታመጣልኝ እሷ ናት፤ እሷ ከቆመች የልጆቼ ጉሮሮ ተዘጋ ማለት ነው። ታዲያ ዳገት ባየች ቁጥር መፍላት አመል አደረገች። መካኒኩ ላቴቦ አየና ጥፋቱ የቴርሞስታቱ ነው አለኝ። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ የውሃውን መንገድ ዘግቶ የሚቆይ፣ ሲሞቅ የሚከፍት ትንሽ ዘበኛ ነው። የእኔው ዘበኛ በሩን እንደዘጋ ተኝቷል። ላቴቦም እንደ ሀገሬው፣ «ጋሼ፣ አውጥተን እንጣለው፤ ያለሱም ትሄዳለች» አለ።

እኔ ደግሞ ጣለው ሲሉኝ እልህ ይይዘኛል። ሠሪው ያስገባው ሥራ አጥቶ ነው? አዲስ አበባ ካለው ወንድሜ አዲስ አስመጣሁ። ሁለቱንም በባለቤቴ ድስት በፈላ ውሃ ውስጥ ከትቼ ሞከርኩ፤ አዲሱ አፉን ከፈተ፣ አሮጌው ንክች አላለም። ባለቤቴ ድስቷን አይታ፣ ከእንግዲህ ወጡንም ሞተሩ ላይ ሥራው አለችኝ። ላቴቦ አዲሱን ገጠመልኝ፣ መኪናዋ ዳገቱን ሳትፈላ ወጣች። አሮጌውን ለእልሄ ኪሴ ከተትኩት።

መኪናዬ ዳነች እያልኩ መንገድ ለመንገድ ሳወራ የሰይጣን ጆሮ ይደፈን ማለት ረስቻለሁ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሰማ። ነገ ለስብሰባ ዱራሜ ስለሚሄድ አብዮቱ መኪናህን ይፈልጋታል አለኝ። የጎረቤቴን የሐጂ ከድርን መኪናም አብዮቱ ለሦስት ቀን ብሎ ወስዷት፣ ሐጂ ዓመት አልፏቸው በር በሩን ያያሉ። እምቢ ማለት አይቻልም ነበር? ይቻላል፤ የት ሆነህ ትለዋለህ ነው ነገሩ። አፌ እሺ ጓድ አለ፣ እጄ ግን አልተስማማም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ላቴቦን ጠራሁና አሮጌውን መልሰን ገጠምነው። ሞተሯ ይቃጠልብኝ ይሆን ብዬ ሰጋሁ፤ ቢሆንም ድና ከምትቀርብኝ ታማ ትምጣልኝ አልኩ። ጠዋት አጥቤ፣ እጅ ነስቼ አስረከብኩ።

አንጋጫ ሳትደርስ ፈላች። ሊቀ መንበሩ ስብሰባው አመለጠው፤ ከየወንዙ በኮፍያው ውሃ እየቀዳ፣ ካኪው ጭቃ ለብሶ በማግስቱ መለሳት። ሰው ፊት ምን ሆና ነው ብሎ ጮኸ። ላቴቦ ሳይስቅ ቴርሞስታቱ ነው አለው። ሊቀ መንበሩም ወደ እኔ ዞሮ፣ ይህን ፀረ አብዮት ዕቃ አውጥተህ ጣለው፣ ትእዛዝ ነው አለኝ።

በዚያ ዘመን ሰልፍ ውጣ ሲሉኝ ወጥቻለሁ፣ አጨብጭብ ሲሉኝ መዳፌ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። ይህን ትእዛዝ ግን አልፈጸምኩም። አዲሱን መልሼ አስገጥሜ ጃጁራና ፎንቆ እንደ ልቤ ተመላለስኩ።

ያ ሊቀ መንበር ተነሥቶ ሌላ ተሾመ፤ እሱም ተነሥቶ ሌላ። አዲስ በተሾመ ቁጥር ላቴቦ በሱቄ በኩል ያልፍና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቀኛል፤ «ጋሼ፣ አሮጌው አለ አይደል?»

አለ፤ ማን ሊጥለው።