በሞዴሉ ላይ የሌሉት ሞዴል አርሶ አደር

በዚያ በጨለማው ዘመን፣ ዲላ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ቦኖ ውሃ ሊተክል ሲነሳ ባለሙያው ጫማውን ጭቃ አስነክቶ ቀበሌ ድረስ ይወርድና ነዋሪውን «የት ይሻላችኋል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ለኮምፒውተር ግራፊክስ ምስጋና ይግባውና ይህ ኋላ ቀር ልማድ ቀርቷል። አሁን ድሮን ይላካል፤ ተራራው ከነገደሉ ስክሪን ላይ ይነሳል፤ በማውስ እንደ ዳቦ ይገላበጣል። ይህም «ስሪዲ ሞዴል» ይባላል። እሱ ከመጣ ወዲህ የባለሙያ ጫማ ንጹሕ ነው።

ወርቃ አካባቢ ገደል አፋፍ ላይ የሚኖሩት ገበሬ አቶ ጴጥሮስ ይህን ሥልጣኔ የሰሙት፣ ቦኖው ለእነሱ መንደር እንዳልተመደበ ሲነገራቸው ነው። ሚስታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ጀሪካን አዝለው በቀን ሁለቴ ገደሉን ይወጣሉ። አቶ ጴጥሮስ አንጀታቸው ቢያርር የምስክር ወረቀታቸውን ከግድግዳ አውርደው፣ በፌስታል ጠቅልለው ዲላ ገቡ። ወረቀቱ «ሞዴል አርሶ አደር» ይላል። ቡናቸውን ከእንሰትና ከትልልቅ ዛፍ ጋር ጥቅጥቅ አድርገው በመትከላቸው ይኸው መሥሪያ ቤት ራሱ የሸለማቸው ነው።

ኃላፊው አቶ ዳምጠው በክብር ተቀበሏቸው። ባለሙያውን ለሚን ጠርተውም ሞዴሉን አስከፈቱት።

«ቤትዎ የታለ፣ ጋሼ?» አለ ለሚ፣ ተራራውን እያዞረ።

«ከዛፉ ሥር ነዋ።»

«ሞዴሉ ከዛፍ ሥር አያይም።»

«ሃምሳ ሁለት ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው እኮ፣ ልጄ።»

አቶ ዳምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አባቴ፣ ከመስማት ማየት ይበልጣል ይባል የለ? እርስዎ ይነግሩናል፤ እኛ ግን እያየን ነው። በመረጃው መሠረት አካባቢው ሰው አልባ ደን ነው። ደን ደግሞ ቦኖ አያስፈልገውም፤ ዝናብ ይበቃዋል።»

«ታዲያ ይህን ወረቀት ማን ሰጠኝ? ሞዴል ነህ ብላችሁኝ የለም እንዴ?»

«ሞዴልማ ነዎት። ሞዴሉ ላይ ግን የሉም።»

እንግዲህ ሰውዬው ዛፍ በመትከላቸው ተሸለሙ፤ በተከሉት ዛፍ ደግሞ ተሰረዙ። ለመንግሥት ሥራ ይህን ያህል ጥራት ማን አነሰ ይለዋል?

አቶ ጴጥሮስ ስክሪኑን ጠጋ ብለው ሲያዩ፣ ከመንደራቸው ማዶ ባለው ራቁት ገደል ላይ ቦኖ ተተክሏል። ዙሪያውን ሰዎች ቆመዋል፤ አንዷ ፈረንጅ ናት፣ ውሻ ይዛለች፤ አንዱ ቦርሳ አንጠልጥሏል።

«እነዚህስ የማን ልጆች ናቸው?»

«ከሶፍትዌሩ ጋር የመጡ ናቸው» አለ ለሚ። «ምስሉ ጭር እንዳይል ብዬ ነው።»

«እዚያ እኮ ፍየልም አይወጣም።»

«ለጊዜው አሥራ አራት ተጠቃሚ ይታያል» አሉ አቶ ዳምጠው። «ቦኖ የሚተከለው ደግሞ ተጠቃሚ ባለበት ነው።»

አቶ ጴጥሮስ ተናደዱ። ቢሮ ውስጥ መናደድ ግን ቀጠሮ ከማራዘም በቀር ምን ይፈይዳል? የሚስታቸው ጉልበት ትዝ ሲላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግዲያው እኔንም እዚያ ውስጥ አስገቡኝ» አሉ።

በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ቅሬታ በሦስት ደቂቃ ሲፈታ ይህ የመጀመሪያው ነው። ለሚ ከሶፍትዌሩ ውስጥ የገበሬ ሽማግሌ ቢፈልግ አጣ። ያገኘው ሱፍ የለበሰ ረጅም ሰው ስለነበር፣ የአቶ ጴጥሮስን ፊት ለጠፈበትና ብርጭቆ አስይዞ ከቦኖው ፊት አቆመው። አቶ ዳምጠው ምስሉን አሳትመው፣ ማኅተም መትተው፣ «ተጠቃሚ ሆነዋል፤ እንኳን ደስ አለዎት» ብለው ጨበጧቸው። ሪፖርቱ ላይም ተጠቃሚው አሥራ አምስት ደረሰ።

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ አትጠገብ ምስሉን ተቀብለው ደጋግመው አዩት።

«ይሄ ሱፍ የለበሰው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«የምትጠጣውስ ውሃ ነው?»

«ውሃ ነው» አሉ አቶ ጴጥሮስ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

ወይዘሮ አትጠገብ ምስሉን ከምስክር ወረቀቱ ጎን ሰቀሉት። ከዚያ ባዶውን ጀሪካን አንስተው ለባላቸው አስያዙ።

«አንተ ጠጥተሃል፤ የተጠማሁት እኔ ነኝ። በል ውረድና ቅዳልኝ።»