ቃላቸው ያልገጠመ ምስክሮች

በየቤተሰቡ አንድ ማን አየ አለ። እኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

ማን አየ ማለት ዝናብ እየዘነበ ነው ሲሉት መስኮት ከፍቶ እጁን የሚያወጣ ሰው ነው። ጎረቤት አረፈ ሲባል ከማዘኑ በፊት ወሬውን ያመጣው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። መንገዱ ተዘግቷል ብትሉት አመስግኖ በዚያው በተዘጋው መንገድ ይሄዳል፤ የእህቴ ልጅ የምረቃ ሥነ ሥርዓት ግማሹ ያመለጠን በዚህ ምክንያት ነው። ወሬ አይወድም ማለቴ አይደለም፤ ይወዳል። ግን እንደ ምስር ጠጠሩን ሳይለቅም አይበላትም።

የእኛ ቤት ማን አየ የታላቅ እህቴ ባል ነው። ፊት ለፊት ጋሼ እለዋለሁ፤ ዞር ሲል ግን ቤተሰቡ በሙሉ ክቡር ማን አየ ይለዋል። ክቡርነቱን ያገኘው በሥራው ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የትራፊክ አደጋ መርማሪ ነበር። ዕድሜ ልኩን በተጋጩ መኪኖች መሐል ሜትር ሲዘረጋና "እኔ አልነካሁትም" የሚሉ ሹፌሮችን ሲያዳምጥ የኖረን ሰው፣ ቤቱ ሲገባ ሌላ ሰው ሁን ማለት ግፍ ነው።

ብርጭቆ ተሰበረ እንበል። ሌላ አባት ይቆጣል። ጋሼ ልጆቹን ለየብቻ አስገብቶ ቃላቸውን ይቀበላል። አንድ ጊዜ ሁለቱም ልጆች "ድመቷ ከጠረጴዛው ወደ ወንበሩ ስትዘል በጭራዋ ነካችው" ብለው አንዲት ቃል ሳያዛንፉ መሰከሩ። ፈረደባቸው። የሚያዩበት ቦታ የተለያየ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር አያዩም፤ አንዱ ድመቷን ያያል፣ ሌላው የሚሰማው የብርጭቆውን ድምፅ ነው፣ አለ። ከዚያ እስከ ዛሬ የቤቱ ሕግ ሆና የቀረችውን ቃል ተናገረ፦ "ቃል በቃል የተስማማ ምስክር የተማከረ ምስክር ነው።"

ሌላም ሕግ አለው። በራሱ ላይ የሚመሰክር ሰው ካገኘህ ወንበርህን ጠጋ አድርግ ይላል። ቦታውን ሳላይ አልፈርምም የምትለዋ ደግሞ የክብሩ ማኅተም ናት።

ከሁሉ በላይ ግን የፍሬኑ ጉዳይ አለ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይተርከዋል፤ እኛ የት ጋ እንደሚያስል ሳይቀር በቃላችን ይዘነዋል። አንድ አውቶቡስ ቁልቁለት ላይ መንገድ ስቶ ከመጋዘን ግንብ ጋር ይላተማል። በእግዜር ቸርነት የሞተ የለም። ሹፌሩ ፍሬኑ እምቢ አለኝ ይላል፣ ረዳቱም ፍሬኑ እምቢ አለ ይላል። የአውቶቡስ ድርጅቱ አለቆች አላመኑም። ጋሼ ግን ጎማውን ራሱ አስፈትቶ ያለቀውን የፍሬን ሸራ አወጣ። ሹፌሩ ነጻ ወጣ፣ መኪናውን የፈተሸው መካኒክ ከሥራ ተባረረ። "እጄን ባላስገባ ኖሮ አንድ ንጹሕ ሰው ይታሰር ነበር" ብሎ ይጨርስና ሻዩን ይጠጣል።

እህቴ ደግሞ አማኝ ናት። በየሳምንቱ እሑድ ጠዋት ጋሼ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ያደርሳታል፤ እሷ ትገባለች፣ እሱ መኪናው ውስጥ ጋዜጣ ያነባል። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ በሩን አልፎ አያውቅም። አይቀልድባትም፣ አይከራከራትም፤ አላምንም ሲልም ሰምቼው አላውቅም። "ፋይሉን አላየሁትም" ነው የሚለው። እኔ እንኳ፣ ከእናቴ ሆድ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን የማውቀው ሰው፣ ፋይል እንዳለው ያወቅሁት ከእሱ ነው።

እንዲህ እያለን እህቴ ታመመች። ልቧ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፣ ቀላል አይደለም፣ ብለው ሐኪሞቹ ሳይደብቁ ነገሩን። ያን ቀን ማታ ራት ላይ፣ ሳህኑን ከፊቷ ገፋ አድርጋ ባሏን አየችው።

"ስገባ ጸልይልኝ" አለችው። "ሌላው ሰው ሁሉ ይጸልይልኛል። እኔ የምፈልገው አንተን ነው።"

ጋሼ ማንኪያውን አስቀመጠ። "ያልመረመርኩት ላይ አልፈርምም" አላት። "ደስ ይበላት ብዬ ብዋሽሽ፣ እዚያ ክፍል ይዘሽ የምትገቢው ውሸቴን ነው።"

ደሜ ፈላ። አንዲት ቃል ምን ነበረባት! እኔ ብሆን አሥር ጊዜ እልላት ነበር። እህቴ ግን አልከፋትም። ምናልባት ከሁላችንም ይልቅ እሷ ብቻ ናት እንዳከበራት ያወቀችው።

"እንግዲያው መርምር" አለችው።

መረመረ እንጂ! በማግስቱ ሳሎን ስገባ አራቱ ወንጌላት ጠረጴዛው ላይ አራት የምስክር ቃል ሆነው ጠበቁኝ። ጉዳዩ የኢየሱስ ትንሣኤ ነው፤ የጨው ዕቃው መቃብሩ፣ ክዳኑ የተንከባለለው ድንጋይ፣ ፊንጃሎቹ ሴቶቹ። እኔ ከአማኝ ወገን ነህ ተብዬ ለጥያቄ ተጠራሁ። አንደኛው ምስክር ሁለት ሴቶች ሄዱ ይላል፣ ሌላው ሦስት፣ ሌላው አንዲቷን ብቻ ይጠራል፤ መልአኩስ አንድ ነው ሁለት? አለቀልን ብዬ ላቤ መጣ። ሦስትም ቢሉ ሁለትም ያው ነው፣ ዋናው ነገር እኮ፣ እያልኩ ፊንጃሎቹን አንድ ቦታ ልሰበስብ ስል እጄን ያዘኝ።

"ተው፣ ምስክር አታስታርቅ" አለኝ። "ምን ጎድሎባቸው ነው የምታጣብቃቸው? አራቱም አንድ ዓይነት ቢናገሩ ኖሮ ይሄኔ መጽሐፉን ዘግቼ ተኝቻለሁ።"

ከዚያ በኋላ እኔን ረስቶ ለራሱ ያወራ ጀመር። ፊቱ ላይ ያየሁት በጡረታ ከወጣ ወዲህ የጠፋውን ያንን የሥራ ቀን ፊቱን ነው። ለእህቴ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ደውሎ፣ በዚያ ዘመን የሴት ምስክርነት ችሎት ፊት ክብደት አልነበረውም ሲሉት ስልኩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እዋሻለሁ ያለ ሰው የሚታመን ምስክር ያቆማል እንጂ ማንም የማይሰማቸውን ለምን ያስቀድማል ይላል። ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ ሴቶቹን አላመኑም፣ ጌታቸው ሲያዝ ሸሽተዋል፣ አለቃቸው ጴጥሮስ አላውቀውም ብሎ ምሏል፤ ይህን ሁሉ የሚያወሩት ጠላቶቻቸው ሳይሆኑ ራሳቸው ናቸው። ወንበሩን ጠጋ አደረገ። ያ ሳላይ አላምንም ያለው ቶማስ ጋ ሲደርስማ የድሮ የሥራ ባልደረባውን ያገኘ ነው የመሰለው።

ግን ደግሞ አይለቅም። ምስክሮቹ ሁሉ ወዳጆቹ ናቸው፣ በዚያ ሲያልፍ ያየ አንድ መንገደኛ እንኳ የለም ብሎ ተከዘ። ይህቺን እንኳ እኔ አውቃት ነበር፤ ሲያሳድዳቸው ኖሮ በኋላ አየሁት ብሎ የዞረ አንድ ሰው አለ አልኩት።

"እስካሁን የት ደብቀኸው ነበር?" ብሎ ተቆጣኝ።

ያን ዕለት ልሰናበተው ስል የጨው ዕቃውን በእጁ እያሻሸ፣ መንገድ ላይ ብዙ ሬሳ አንሥቻለሁ አለኝ። አንድም ሲነሣ አላየም። አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች፣ ጫማዋ እስከ ዛሬ ፊቱ ላይ ድቅን ይላል። "ብትነሣልኝ ምን ያህል ደስ እንደሚለኝ አትጠይቀኝ" አለ። "ችግሩ እሱ ነው። ደስ የሚለኝን ነገር አላምነውም።" መሄዱን ትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ቀዶ ሕክምናው ሊደረግ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ጠዋት፣ ጋሼ መኪናውን አቁሞ ጋዜጣውን አጣጠፈና ከእህቴ ጋር ወረደ። እህቴ ተደናግጣ አየችው። ቦታውን ላየው ነው አላት። እሷ እንደ ልማዷ ፊት ሄደች፤ እሱ እኔን ይዞ የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። በልማድ ሜትሩን ኪሱ ይዞ መጥቷል። የአዳራሹን በሮች ቆጠረ፣ አምፖሎቹን አየ፣ መዝሙሩን እንደ ሞተር ድምፅ ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጠ።

የምስክርነት ጊዜ ሲደርስ አንድ ሽበታም ሰው ወደ ፊት ወጣ። ጋሼ ጉልበቴን ጨመቀው። የአውቶቡሱ ሹፌር ነው።

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። ድሮ አውቶቡስ ሲነዳ መሪው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ከግንብ ጋር መላተሙን፣ ከረዳቱ ጋር ፖሊስ ሳይደርስ ቃላቸውን ማስተካከላቸውን፣ ፍሬኑ እምቢ አለ ብለው መርማሪውን ማታለላቸውን። ሸራውም ያለቀ ቢሆን መኪናውን ሊያቆም ይችል ነበር። መካኒኩ በእሱ ምክንያት እንጀራውን አጣ። በዚህ ሳምንት ቤቱ ድረስ ሄዶ እግሩ ላይ ወድቋል፣ ነገ ደግሞ ድርጅቱ ዘንድ ሄዶ ይናገራል። "መርማሪው ጎበዝ ሰው ነበር" አለ። "ግን ማግኘት የሚወደውን ነገር ሰጠነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ የእኛ ቤት ታላቅ ታሪክ በሰው ሁሉ ፊት ተናደ። ጋሼ ተነሥቶ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ እስከ መጨረሻው ቁጭ አለ። ሕዝቡ ሲበተን ግን ሹፌሩን በሩ ላይ ጠበቀው። ሰውየው ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ።

"ማን አስገደደህ?" አለው ጋሼ።

"ማንም።"

"ምን ታገኝበታለህ?"

"ምን አገኛለሁ ጌታዬ? ይከሱኝ ይሆናል።"

"ታዲያ ለምን?"

ሹፌሩ ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። "ሕያው ነው ብዬ ካመንኩ በኋላ ዋሽቼው መኖር አቃተኝ" አለ።

ጋሼ የመካኒኩን ቤት አቅጣጫ ጠየቀው። መኪና ውስጥ ገብተን፣ እህቴ ከኋላ ሆና ትከሻውን ይዛው ሳለ ነው የተናገረው። ሹፌሩም ረዳቱም ቃል በቃል አንድ ነገር ነው ያሉኝ አለ፤ ልጆቼን የያዝኩበትን እኔው አለፍኩት። በማግስቱ መካኒኩ ቤት ብቻውን ሄደ። እዚያ የተባባሉትን እኔ ስላላየሁ አልናገርም።

የቀዶ ሕክምናው ጠዋት ደረሰ። እስካሁን እሺ አላላትም፣ እሷም ዳግመኛ አልጠየቀችውም። ሐኪሙን በጥያቄ ሲያጣድፍ ቆይቶ ወደ ክፍሉ ሲመለስ፣ ነርሷ የሰጠቻት መድኃኒት እህቴን አስተኝቷታል። ዘገየ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ነርሷ ከአልጋው ማዶ ጉሉኮሱን ታስተካክላለች። ጋሼ እህቴን ትንሽ አያትና በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ። በብርድ ልብሱ ላይ እግሯን ያዘ።

"እዚያ ካለህ፣ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ" አለ። "ምርመራዬን አልጨረስኩም። ይህቺን ሴት ግን አውቃታለሁ፤ ዋሽታኝ አታውቅም። በእሷ ቃል ነው የመጣሁት። አደራ።"

ከዚያ አልጋው ተገፍቶ ወጣ።

ተረፈች። ጎረቤቱ ሁሉ ጸሎቱ ተሰማ ብሎ እልል ሲል፣ ክቡር ማን አየ ይህን በማስረጃነት አልይዘውም አለ። በወዲያኛው አልጋ የነበሩት እናትም ተጸልዮላቸው ነበር፣ አልተረፉም። ሰው ደስታ ላይ እያለ እንዲህ ይባላል? ለእሳቸው ልጆች ውኃ ሲያቀብል ያየሁት ግን እሱን ብቻ ነው።

እህቴ ቀና ብላ መቀመጥ ስትችል፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶን መስኮቱ ጋ ቆሞ ሳለ፣ በቀጭን ድምፅ ጠራችኝ።

"ጸለየ?"

"ጸለየ" አልኳት።

"ማን አየ?" አለችኝ።

የዕድሜ ልክ ጥያቄው በእሷ አፍ እኔ ላይ መጣ። እኔ ነኝ ያየሁት አልኳት፤ ተንበርክኮ፣ እግርሽን ይዞ፣ ዓይኑን ገልጦ። ነርሷ የሙቀት መለኪያዋን እያራገፈች ጣልቃ ገባች። "ኧረ ቆመው ነው የጸለዩት። የአልጋውን ብረት ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። 'አምላኬ' ብለው ነው የጀመሩት።" እኔ አምላኬ የሚል አልሰማሁም። እሷም እዚያ ካለህ የሚል አልሰማችም። አደራ ማለቱ ላይ ብቻ ተስማማን።

እህቴ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ነርሷን አየች። "ቃላችሁ አይገጥምም" አለች። "አንዳችሁ ትዋሻላችሁ።"

ጋሼ ከመስኮቱ ሳይዞር ጉሮሮውን ጠረገ።

"ማንም አልዋሸም" አለ። "ቢገጥም ነበር የምጠረጥረው።"

እህቴ ትራሷ ላይ ተደግፋ ሳቀች፤ ስፌቱ አመማት መሰለኝ ደረቷን ይዛ እንደገና ሳቀች። አሁን እሑድ እሑድ አብሯት ይገባል፣ ያው የኋላው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ አመነ ወይ ለሚሉት ፋይሉ ክፍት ነው ይላቸዋል። የፍሬኑን ጉዳይም እንግዳ በመጣ ቁጥር ይተርካል፣ አሁን ግን እስከ መጨረሻው። ነርሷ የምትለውን ትበል። ተንበርክኮ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።