የእመት ቆቅ ፈተና

ተረት ልንገራችሁ፤ ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። አንድ ዱር ነበር። የዚያ ዱር የወንዝ ዘብ እመት ቆቅ ነበረች። ነብር ብቅ ሲል ትጮኻለች፤ እንስሳቱም ውሃቸውን ጥለው ይሸሻሉ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ግልገል አላስበላችም።

ምን ያደርጋል፣ ሸንጎው አንድ ቀን ተሰብስቦ «በዚህ ዘመን እንግሊዝኛ የማይችል ዘብ ያሳፍረናል» አለ። ከእንግዲህ ዘብ የሚሆነው የእንግሊዝኛ ቃላትን ስም፣ ግስ፣ ቅጽል ብሎ ለይቶ ፈተና ያለፈ ብቻ ነው ተባለ። ነብሩ እንግሊዝኛ ይችል እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም።

በፈተናው ቀን ዘብ መሆን የፈለገ ሁሉ ወንዙ ዳር ተቀመጠ፤ ፈታኙ መምህር ጉሬዛ ነበር። ነጭ ካባው የተማረ ያስመስለዋል እንጂ መልሱን እሱም ከወረቀት ነው የሚያየው። «መናገር ክልክል ነው! ሰዓቱ ሳያልቅ ከቦታው የተነሳ ወድቋል!» ብሎ አስጠነቀቀ። ወዲያው አህያ ከከርከሮ፣ ከርከሮ ከሚዳቋ፣ ሚዳቋ ደግሞ ከአህያ ይኮርጁ ጀመር።

እመት ቆቅ ብቻዋን ተጨነቀች። ሦስተኛው ጥያቄ «ራን» ይላል። መሮጥ እንደሆነ ታውቃለች፤ ከየትኛው ክፍል እንደምትመድበው ግን ጠፋባት። ከወደቀች ወንዙን ትለቃለች፤ ከወንዙ ሌላ ኑሮ ደግሞ አታውቅም። መላ ፍለጋ ቀና ስትል ከሣሩ መሃል የነብር ጅራት አየች።

«መምህር፣ ነብር!» አለች በሹክሹክታ።

«ዝም በይ! አንደኛ ማስጠንቀቂያ።»

«ኧረ መጣ እኮ!»

«ሁለተኛ! አሁን ብትደግሚ ዜሮ ነው የምሰጥሽ።»

ቆቅ ወረቀቷን አየችው። ከዚያ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። እንስሳቱ እግሬ አውጪኝ አሉ፤ ጉሬዛም ዛፍ ላይ ወጣ። ነብሩ የሚበላው ቢያጣ በአህያ ቦታ ላይ ተጋደመና መዳፉን እዚያው በቀረው የአህያ ወረቀት ላይ አሳረፈ።

ሰዓቱ አለቀ። ጉሬዛ ከቅርንጫፉ ቁልቁል ቢያይ በቦታው የተገኘው አንድ ብቻ ነው።

«አያ ነብሮ፣ አልፈዋል!» አለ ቅርንጫፉን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ። «መቶ ከመቶ!»

ነብሩ ፈተና መኖሩንም አያውቅም ነበር፤ ሹመቱን ግን አልጠላም። ሸንጎውም በማግስቱ «ደንብ ደንብ ነው» ብሎ አጸደቀለት።

አህያ ወደ ቆቅ መጣች። «አይዞሽ እመት፣ ለሚቀጥለው ታጠኚያለሽ። በጣም አዝነንልሻል» አለቻት።

ቆቅ ክንፏን ዘረጋች።

«ለራሳችሁ እዘኑ እንጂ፣ እኔስ ክንፍ አለኝ» አለች። «ውሃ ሲጠማችሁ ዘቡን በእንግሊዝኛ ለምኑት።»