ሽማግሌዎቼና የኋላው ኤሲ

ሰው ሙያ ሲመርጥ አገሩን ቢያማክር ምን ነበረበት? እኔ አላማከርኩም። የመንዝ ልጅ ሆኜ፣ ሰው በጠራራ ፀሐይ ጋቢ በሚደርብበት አገር አድጌ፣ የመኪና ኤሲ ጠጋኝ ሆንኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። ደግነቱ የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው፤ ወደ ቆላ የሚወርድ መኪና ስለማይጠፋ ጦሜን አላደርኩም። አጎቴ ጋሼ ጌታነህ ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም። መሐል ሜዳ በሄድኩ ቁጥር፣ እግዜር በነጻ የሚያድለንን ብርድ የሚቸረችር ካንተ በቀር አላየሁም ይሉኛል።

ይህን የብርድ ቸርቻሪ ታዲያ ፍቅር ያዘው። የት ቢሉ፣ ሸዋ ሮቢት! ሰናይት የቆላ ልጅ ናት፤ እኔን ወዳለች፣ አባቷ ግን ሽማግሌ በመመለስ የታወቁ ሰው ናቸው። በስልክ አስጠነቀቀችኝ፦ አባባ የሚያዩት ልጁን ሳይሆን የላከውን ሽማግሌ ነው፤ ረጋ ያሉ፣ ግርማ ሞገስ ያላቸው ሰዎች ላክ፤ አንዴ እምቢ ካሉ የሚመልሳቸው የለም። እንግዲህ ትዳሬ በሦስት ሽማግሌዎች እርጋታ ላይ ተንጠለጠለ። በዚያ ሙቀት ደግሞ ማን ይረጋል?

እዚህ ላይ ነው ሙያዬ የታወሰኝ! ከአንድ ደንበኛዬ ትልቅ ሚኒባስ ተዋስኩ፤ ፊትም ኋላም ኤሲ ያለው፣ በገዛ እጄ የፈተሽኩት። ሽማግሌዎቼ ጋሼ ጌታነህ፣ የነፍስ አባቴ መምሬ ክንፉና ጎረቤታችን ባሻ ዘለቀ ነበሩ። ባሻ ብዙ አይናገሩም፣ ሌላው ሲናገር አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። እንዲህ ያለ ሰው ለሽምግልና የግድ ነው።

ጠዋት መሐል ሜዳ ውርጭ ነው። ጋሼን ከፊት ከጎኔ ይቀመጡ ብል፣ ብርድ የሚመጣው በፊት በኩል ነው ብለው እምቢ አሉ። ሦስቱም በርኖሳቸውን ተከናንበው መጨረሻው ወንበር ላይ ገቡ። እኔ ጎማ ጎማውን አይቼ ስመለስ ተደላድለው ጠበቁኝ። ሞላሌን አልፈን ጣርማ በር እስክንደርስ ኤሲ የሚባል ነገር ማን አስታውሶ!

ደብረ ሲናን ወደ ታች ስንል ግን ሙቀቱ መጣ፤ እኔም ኮራ ብዬ ኤሲውን ከፈትኩ። የፊቱ ጣቴን እስኪያደነዝዝ ነፈሰ። ከኋላ ግን የጋሼ ድምፅ መጣ፤ ይሄ ያንተ ማሽን እኛ ጋ ሲደርስ እንቅልፍ ይወስደዋል ወይ አሉ። መምሬም፣ ልጄ፣ እሳተ ገሃነምን በቁሜ እያሳየኸኝ ነው አሉ። ባሻ አንገታቸውን ነቀነቁ።

ቆምኩና መፈተሽ ጀመርኩ። ጋዙ ነው እንዳልል የፊቱ ኤሲ ይበርዳል። ፊውዙ ደኅና ነው። የኋላው ማራገቢያ ሲዞር ይሰማኛል። ታዲያ አየሩ የት ገባ? የቀረኝ ከመጨረሻው ወንበር በላይ ጣሪያው ላይ ያሉትን የአየር መውጫዎች ማየት ነበር። ግን እንዴት አድርጌ? በመምሬ ጥምጣም ላይ ልንጠላጠል? አባቴ፣ ካሉበት ይነሡልኝ ልበል? ያውም ሚስት ሊለምኑልኝ በሚሄዱበት ቀን? ምን ሲደረግ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ ማራገቢያውን የሠራውን ፈረንጅ ረግሜ መንገዴን ቀጠልኩ።

መስኮት ልክፈት ብላቸው፣ በላብ ላይ ነፋስ? ሳትሞሸር ልትቀብረን ነው? ብለው ጮኹብኝ። በርኖሱንስ ቢያወልቁት ብል፣ ሽማግሌ በሸሚዝ ተልኮ ያውቃል ወይ ተባልኩ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጢማቸው ይንጠባጠባል፤ ግርማ ሞገሱም አብሮ ፈሷል። ሰናይቴ፣ በቃ አመለጥሽኝ!

ልጁ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና ሞተሩን ሳላጠፋ መኪናው ውስጥ ቀረሁ። ጭንቀቱ ሲበዛብኝ ኋላ ሄጄ ጣሪያውን ቀና ብዬ አየሁ። ወይ ጉድ! አንደኛው መውጫ በጋሼ ነጠላ ተወትፏል። ሁለተኛው በባሻ መሐረብ። ሦስተኛው በመምሬ ካልሲ! አየር የሚስበው ትልቁ ወንፊት ላይ ደግሞ አንድ ሙሉ ጋቢ ተጠቅጥቋል። ለካ እኔ ጎማ ሳይ፣ ነፋስ እንዳይመታቸው ቀዳዳውን ሁሉ ደፍነውልኛል! የደፈኑት እነሱ፣ መንገዱን ሙሉ የተሰደብኩት እኔ። ሁሉንም መዝዤ ሳወጣ ብርዱ እንደ ጉድ ለቀቀው። ምን ዋጋ አለው? እነሱ ገብተዋል።

በሩ ሲከፈት የሰናይት አባት ራሳቸው ሽማግሌዎቼን እየሸኙ ወጡ። የጋሼ ፊት ጥርስ በጥርስ ሆኗል! በዚያው ቀን ሰጥተውናል። እሺታው እንዴት ተገኘ ብዬ ስጠይቅ ጋሼ ነገሩኝ። አባትዬው ኮስተር ብለው ተቀምጠው ሳለ ከሦስቱም አገጭ ላይ ላብ ጠብ ጠብ ሲል አዩ። ከዚያ፣ እዚህ ቤት ብዙ ሽማግሌ መጥቷል፣ ሁሉም ፍየል ሊገዛ የመጣ ይመስል ነበር፤ ለአንድ ልጅ ብሎ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ግን አላየሁም፤ ደገኛን እንዲህ በላብ ያጠመቀ ልጅ መቼም ተራ ልጅ አይደለም አሉ።

ሽማግሌዎቼ ወደ መኪናው ሲገቡ ብርዱ ተቀበላቸው። ጋሼ፣ ጎሽ፣ ጠገንከው፤ ለመሆኑ ምኑ ነበር የተበላሸው አሉኝ። ጨርቁን ሁሉ ታቅፌ ቆሜያለሁ። ያው ትንሽ ነገር ነበር አልኩ። ጋሼም ቀና ብለው ጣሪያውን አዩና፣ ይልቅ ነጠላዬን ቦታዋ መልሳት፣ ይሄ ነገር ነፋስ ያስገባል አሉኝ።

ሚስት ያገኘሁት በምን ሆነና ነው የምከራከረው? ወንበሩ ላይ ወጣሁና ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በገዛ እጄ ደፈንኳቸው። የመምሬን ካልሲማ ጠበቅ አድርጌ።