የጋሽ አስፋው ቃለ ጉባኤ

ሹመት በደም ይተላለፋል ትላላችሁ? እኔስ ግራ ገብቶኛል። የጋሽ አስፋው አያት ጭቃ ሹም፣ አባቱ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ፤ እሱ ራሱ ወረዳ ሲያስተዳድር ቆይቶ በግምገማ ወረደ። ዛሬ ሳዑዲ፣ ደማም ከተማ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ነው። መውረዱን ግን እሱ የሰማ አይመስለኝም።

ባለፈው ዓርብ እዚያው ደማም፣ አል አዳማ ሰፈር፣ የአገር ልጆች እኔ ክፍል ተሰብስበን ሳለ የቤት ሠራተኛዋ ዘይነባ እያለቀሰች መጣች። ታማ፣ እህቷ ዘንድ ሁለት ቀን በመቆየቷ ካፊሏ፣ አሠሪዋ ማለት ነው፣ «እስከ መግሪብ ካልተመለስሽ ጠፍታለች ብዬ ሁሩብ አስመዘግብብሻለሁ» ብሏታል፤ ሁሩብ የተጻፈባት ደግሞ ታስራ ትባረራለች። የካፊሏ ቤት ጎረቤት ከተማ፣ ኾበር ነው፤ ከመሀላችን መኪና የያዘው ደግሞ ጋሽ አስፋው ብቻ።

«ጋሽዬ፣ በአላህ አድርሰኝ!»

«ጉዳይሽ በአጀንዳ ይያዛል» አላት ተረጋግቶ።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ጸሐፊ ተመረጠ። ኮሚቴ ተቋቋመ። መኪናው በየትኛው መንገድ ይሂድ በሚለው ላይ እጅ አወጣን፤ እኔ ሁለቴ ያወጣሁ ይመስለኛል፣ አንዴ ለድጋፍ፣ አንዴ ለተቃውሞ። ጋሽ አስፋው ስለ ሕዝብ አገልጋይነት ሲናገርማ ብድግ ብዬ ቆምኩ። በመጨረሻ ዘይነባ በመኪና እንድትደርስ በሙሉ ድምፅ ወስነን አጨበጨብን።

ዞር ስንል ዘይነባ የለችም። ታክሲ ይዛ ሄዳለች።

ጋሽ አስፋው ጸሐፊውን፣ «ባለጉዳይዋ ስብሰባውን ጥላ ጠፍታለች በል» ብሎ አስጻፈና ሁላችንንም አስፈረመን። ካፊሏ ገና ሊጽፍባት ያሰበውን እኛ ቀድመን ጻፍንባት።

እኔም ፈርሜያለሁ።