ፈረስ ያዡ ሰውዬ

እናንተ ፊልም ስታዩ ማንን ታያላችሁ? መቼም ዋናውን ሰውዬ ነው። የቡሬው ጎረቤቴ አያ ደሳለኝ ግን፣ ክረምት ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ በልጃቸው ስልክ የድሮ የአሜሪካ ፊልም ከፍተው ዓይናቸው ከአንድ ግንባረ ሰፊ ተዋናይ አይነቀልም። ሰውዬው በአንዱ ፊልም በር ይከፍታል፣ በሌላው ለጀግናው ፈረስ ይይዛል፤ ብዙውን ጊዜ ፊልሙ ሳይጋመስ በጥይት ይሞታል።

"ግድ የለም፣ በሚቀጥለው ይነሣል" ይላሉ አያ፣ ሕልም እንደሚያይ ሰው ፈዘው።

እኔ ደግሞ አፌ አላርፍ ብሎ፣ ስልኬን ጎርጉሬ ሰውዬው በእውነት ከሞተ ብዙ ዘመኑ መሆኑን ነገርኳቸው። በማግስቱ ድንኳን አስጥለው ለቅሶ ተቀመጡ። መርዶ ነጋሪው እኔ ነኝና ምን አፍ አለኝ? ሰፈሩ ሁሉ መጣ። መሪጌታችንም ገብተው፣ "ሟቹ ምንዎ ነው?" ሲሉ ጠየቁ።

"ዘመዴስ አይደለም የኔታ። ዕድሜውን ሙሉ ለሌላ ሰው ፈረስ ሲይዝ የኖረ ነው።"

መሪጌታ ድንኳኑን የሞላውን ሰው ቀስ ብለው ቃኙት። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከአያ አጠገብ ተቀመጡ።

"ታዲያ ዘመዳችን ነዋ" አሉ።