ምን ያስተምረናል እና የከፋዩ ካፖርት

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፤ እንቅፋት ሲመታው እግሩን የሚያሽ፣ እና እንቅፋት ሲመታው ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «እንግዲህ ከዚህ የምንማረው...» ብሎ የሚጀምር። የመጀመሪያው ዓይነት ብዙ ነው። ሁለተኛው ግን በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። ግብዣ ላይ ከአጠገባችሁ የሚቀመጠው እሱ ነው፤ ሊፍት መሐል ላይ ሲቆም አብሯችሁ የሚገኘውም እሱ ነው። ሻይ ቢደፋባችሁ መጥረጊያ ጨርቅ ከማቀበሉ በፊት ሻዩ ለምን እንደተደፋ፣ መደፋቱም ለቀሪው ዘመናችሁ ምን እንደሚጠቅም በሰፊው ያብራራላችኋል።

የዚህ ወገን አለቃ፣ ሊቀ መምህራን፣ የተደፋ ሻይ ሁሉ ተርጓሚ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ሰፈርተኛው በፊቱ «ጋሼ» ይለዋል፤ ዞር ሲል ደግሞ «ምን ያስተምረናል» ይለዋል፤ የጀመረውን ወሬ ሁሉ የሚዘጋው በዚህ ጥያቄ ነውና። አንቱታው ይገባው ነበር። ነገር ግን ሰውየውን የምናየው በሚስቱ ዓይን ስለሆነ፣ እሷም ከተጋቡ ጀምሮ አንተ ስለምትለው፣ እኛም በእሷ ተከልለን አንተ እንለዋለን።

ሱቃቸው ጠባብ ነው። በአንድ በኩል የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ በሌላው በኩል መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው። የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ መቀስ የእሱ፣ መኪና የእሷ። እሱ አይሰፋም፣ እሷ አትቆርጥም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ የጨርቁ ብናኝ ብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይዋኛል፤ ካውያው ይተነፍሳል፤ መኪናው ያንጎራጉራል። ያኔ እግሯ ፔዳሉ ላይ፣ እጇ ጨርቁ ላይ እንዳለ ሐሳቧ ተነሥቶ ይሄዳል። አንዳንዴ ልጅ ሆና በተንከባለለችበት ሣር ላይ ናት፤ አንዳንዴ አይታው በማታውቀው ባሕር ላይ ጀልባ ውስጥ ተኝታለች፣ ውሃው እሹሩሩ ይላታል። ቤቱም፣ ደንበኛውም፣ ያልተሰፋው ሱሪ ሁሉ ይረሳታል።

ከዚያ ሕልም የሚመልሳት ድምፅ ሁልጊዜም አንድ ነው።

«መርፌ የሚሰበረው ጨርቁ ስለወፈረ አይደለም፤ የሚሰፋው ሰው ስለቸኮለ ነው። ይሄ ምን ያስተምረናል?»

«ትርፍ መርፌ መግዛት እንዳለብን» ትላለች ቀና ሳትል።

ጣሪያው ሲያፈስ እሷ ባልዲ ፍለጋ ትሮጣለች፤ እሱ ቀዳዳውን አንጋጦ እያየ «ውሃ በር አያንኳኳም» ብሎ ይጀምራል፤ ጠብታው ግንባሩ ላይ ሲያርፍ እንኳ አያቋርጥም። አንድ ጊዜ ሆዳቸው ገፋ ያለ ደንበኛ ሱሪዬ ጠበበ ብለው መጡ። «ሱሪው አልጠበበም፣ ጌታዬ» አላቸው ሜትሩን አንገቱ ላይ እያስተካከለ። «ሱሪው ቃሉን ጠብቋል፤ በተለካበት ልክ አለ። የተለወጠው ማን ነው? ይሄ ምን ያስተምረናል?» ሰውየው ሱሪያቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡና «ከመንገዱ ማዶም ልብስ ሰፊ እንዳለ!» ብለው ወጡ። ሚስቱ ያን ቀን በሳቅ ብዛት አንድ ኮሌታ አጣማ ሰፋች። እሱ ከጠማማው ኮሌታም ትምህርት አወጣ።

አንድ ጊዜ ብቻ የመንጋጋ ጥርሱን ተነቅሎ ጥጥ ነክሶ ዋለ። ጣቱን ቀስሮ፣ ቅንድቡን ሰቅሎ «ምም... ምም...» ቢልም፣ ከጥርስ መነቀል የሚገኘው ጥበብ ጥጡ ውስጥ ቀረ። ሚስቱ የጥርስ ሐኪሙን ዕድሜውን ያርዝመው እያለች ስትመርቅ ዋለች።

አንድ ልጅ አላቸው፣ ሴት። ትንሽ ሆና ደረጃ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ሲላጥ አባቷ ተንበርክኮ ቁስሏን እፍ አለላት፤ እፍ እያለም ስለ ደረጃ ጠባይ ጀመረ። ልጅቷ በእንባዋ መሐል አየችውና «አባዬ፣ ዝም ብሎ መውደቅ የለም?» አለችው። እናትየው ይቺን አባባል ለጎረቤት ሁሉ ስታወራ ከረመች።

ሰውየውን ግን አንበድለው። ከፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ሚስቱ ጥላው የሄደች ጊዜ፣ ወንበሩን ይዞ መጥቶ እዚህ ሱቅ ጥግ ተቀመጠ። ምን ያስተምረናልም አሮጌ ኮት እየፈታ «አየህ፣ ስፌት ሲፈታ ጨርቁ አይሞትም» አለው። ፀጉር አስተካካዩ ራሱን እየነቀነቀ ወጣ። በማግስቱም ወንበሩን ይዞ መጣ፤ በሦስተኛውም ቀን። የልብስ ሰፊው ሚስት ይህን ታውቃለች። ታውቃለችና ነው «ዝም አይነቅዝም» እያለች ስትጎሽመው ሳቋን የምትደብቀው። እሱም «ዝም ያለ ሰው ምን ያስተምረናል?» ይላታል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው አንድ ቀን አፉ የተለጎመው።

ልጅቷ አድጋ፣ ተምራ፣ አዋላጅ ሆናለች። ሩቅ፣ ብርድ የሚበዛበት ከተማ፣ ክሊኒክ ውስጥ ሥራ ተገኘላትና ማታ ራት ላይ ነገረቻቸው። እናትየው አገላብጣ ሳመቻት። ከዚያ ሁለቱም ወደ እሱ ዞረው ጠበቁ፤ እንዲህ ያለ ወሬ ቢያንስ እስከ መኝታ ሰዓት የሚዘልቅ ትምህርት ይወጣዋል ብለው። እሱ ግን የዳቦ ፍርፋሪውን በጣቱ ጫፍ ሰበሰበና «ብርድ አገር ነው አሉ። ካፖርት ያስፈልጋታል» ብቻ ብሎ ተነሣ።

በማግስቱ ከላይኛው መደርደሪያ ለማንም አልቆርጠውም ሲል የኖረውን ጥቁር አረንጓዴ ከፋይ አወረደ። ከፋይ ኩሩ ጨርቅ ነው። ጠጉር አለው፤ ወደ አንዱ አቅጣጫ ሲዳብሱት ይተኛና ያበራል፤ ወደ ሌላው ሲዳብሱት ይቆምና ይጠቁራል። ስለዚህ የልብሱ ክፍሎች ሁሉ ጠጉራቸው ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲተኛ ተደርጎ ይቆረጣሉ። ይህን መቀስ በያዘ በመጀመሪያው ሳምንት ያልተማረ ልብስ ሰፊ የለም።

«አንቺ ቤት ሂጂና ልጅቷን ዕቃ በማሰናዳት አግዣት» አላት ሚስቱን። «እኔ ብቻዬን ልቁረጠው።»

ገረማት። አድማጭ ከሌለ መቀስ የማያነሣ ሰው ነበር።

ስትመለስ የተቆረጠው ጨርቅ መኪናዋ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ እሱ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ገብቶ የማይላጨውን ፂም እያሻሸ መስታወት ፊት ተቀምጧል። መስፋት ጀመረች። ሱቁ ጸጥ ብሏል። ከፋዩ በጣቶቿ ሥር እንደ ውሃ ያልፋል፤ ሐሳቧም አብሮት ሄደ። ጉም የሸፈነው ከተማ ታያት፤ በጉሙ ውስጥ አንዲት አረንጓዴ ካፖርት የለበሰች ሴት በሌሊት እየቸኮለች ትሄዳለች፤ አንድ ቤት ውስጥ መብራት ይበራል፤ ትንሽ የሕፃን ድምፅ ይሰማል። ትከሻውን ከእጅጌው ስታገናኝ ከንፈሯ ፈገግ እንዳለ ነበር።

ካፖርቱን መስኮቱ ላይ ስትሰቅለው ግን ፈገግታዋ ጠፋ። ቀኝ እጅጌው እንደ ገላው ያበራል። ግራው ጥቁር ነው። ተገልብጦ ተቆርጧል፤ ጠጉሩ ወደ ላይ ይሄዳል።

እሱ ገባ። አየው። እሷ ትምህርቱን ጠበቀች።

«የተረፈ ጨርቅ አለ?» አለችው።

«የለም።»

በቃ፣ ይኼው ነው። መቀሱን ወለወለ፣ ሰቀለው፣ ተቀመጠ።

ዓይኑ ነው፣ ዓይኑ ደክሟል ብላ አሰበች። ቤት ስትገባ ደግሞ የባሰው ጠበቃት። ልጅቷ ግማሽ የሞላ ሻንጣዋ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ አባዬ አንድ ምክር እንኳን አልሰጠኝም» አለች። «ጫማዬን ሳስር ምክር የሚሰጥ ሰው፣ አገር ለቅቄ ልሄድ ስል ዝም አለኝ። አልወደደውም ማለት ነው። ልቅር መሰለኝ። ነገ ክሊኒኩ ደውዬ አልመጣም እላቸዋለሁ።»

«አይ፣ እንደሱ አይደለም» አለች እናትየው። እንዴት እንደሆነ ግን አላወቀችም። ልጅቷ ለዚህ ሥራ ስንት ሌሊት መጽሐፍ ላይ ተደፍታ እንዳነጋች ታውቃለች፤ አባቷ እሺ ካላለ እንደማትንቀሳቀስም ታውቃለች። «ዝም አይነቅዝም» ስትል የኖረችው እሷ ራሷ ናት፤ አሁን ግን የባሏ ዝምታ በአንድ ቀን ልጅቷን ሊያስቀራት ነው።

ስለዚህ በማግስቱ ይህች ሴት፣ በትዳሯ ሁሉ ባሏን ዝም ለማሰኘት የደከመች ሴት፣ ለማናገር ተነሣች። መጀመሪያ የቁልፍ ሣጥኑን እያወቀች በክርኗ ገፍታ ጣለችው። ቁልፉ ሁሉ በሱቁ ወለል ላይ ተንከባለለ፤ ነጩ ከጥቁሩ፣ ትልቁ ከትንሹ ተደባለቀ። ድሮ ቢሆን ይህ የአንድ ወር ትምህርት ነው። እሱ ተንበርክኮ መልቀም ጀመረ።

«ተበተነ እኮ!» አለችው እያጓጓችው።

«ይለቀማል።»

ካውያውን ጨርቅ ላይ ትታ ጢሱ እስኪነሣ ጠበቀች። እሱ ካውያውን አነሣና መስኮቱን ከፈተ። ሻዩ ውስጥ በስኳር ፈንታ ጨው ጨመረችለት። እስከ መጨረሻው ጠጥቶ «እግዜር ይስጥልኝ» አላት። በመጨረሻ አላስችል አላትና እጇን ወገቧ ላይ ጭና ፊቱ ቆመች።

«አንተ ሰው! የጨው ሻይ ጠጣህ እኮ! ይሄ ምን ያስተምረናል?»

«እኔ ምን አውቄ» አለ ልብስ ሰፊው።

ብትሰድበው ይሻላት ነበር። ወደ መኪናዋ ተመልሳ ፔዳሉን ረገጠች፤ ሣሩም፣ ባሕሩም አልመጣላትም። ለካ ከሕልሟ የሚመልሳት ያ ድምፅ ስላለ ነበር ያለ ሥጋት ርቃ የምትሄደው። ይህን ስታስበው እንባዋ መጣ። ባሏን እንደምትወደው ታውቅ ነበር፤ ንግግሩንም እንደምትወደው ግን እስከዚያች ሰዓት አልገባትም ነበር።

«ልጅህ ልትቀር ነው» አለችው መኪናውን አቁማ። «ዛሬ ደውላ አልመጣም ልትላቸው ነው። አባዬ አልወደደውም ብላለች።»

መቀሱን አስቀመጠ። «ማን አላት?»

«አንተ ነሃ! ዝም ብለህ ነገርካት።»

ወዲያው ልጅቷ ራሷ በሩን ከፍታ ገባች፤ ካፖርቱን ልትለካ። እናትየው አለበሰቻት። ትከሻው ልክ፣ ርዝመቱ ልክ፣ ወገቡ ልክ። ልጅቷ መስታወቱ ፊት ዞር ስትል ግን እጅጌዎቹን ተራ በተራ አየቻቸው።

«ይሄኛው ለምን ጠቆረ?»

«ብርሃኑ ነው!» አለች እናትየው ቶሎ ብላ። «መስኮቱ በዚያ በኩል ስለሆነ...»

«ብርሃኑ አይደለም» አለ አባትየው። «እኔ ነኝ። ገልብጬ ቆርጬው ነው።»

ሁለቱም ዞረው አዩት። ጣቱ ወደ ላይ ይቀሰራል ብለው ጠበቁ። እሱ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው የጠፋው ሰው ይመስል ነበር።

«ምክር አልሰጠኸኝም፣ አባዬ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

«ፈልጌ አጣሁ። አጣሁ ስል... ሞልቶኝ ነበር እኮ» አለ። «ከመርፌውም አወጣሁ፣ ከክሩም አወጣሁ፣ ከዚህ ከከፋዩም አወጣሁ። ያወጣሁት ሁሉ መጨረሻው ‹አትሂጂ› እየሆነ አስቸገረኝ። እሱን ደግሞ ልነግርሽ አልፈለግኩም። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።»

እናትየው ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች።

«ሂጂ፣ ልጄ» አለ። «ትምህርት የለውም፤ ሂጂ ብቻ። እዚያ ስትደርሺ ሰዎቹ በእጅጌሽ ከሳቁ፣ አባቴ እያለቀሰ ነው የቆረጠው በያቸው።»

ልጅቷ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እናትየው አፍንጫዋን በሜትሩ ጫፍ ጠረገችና የስፌት መፍቻዋን አንሥታ መጣች፤ ከጥቁር ጨርቅ ሌላ ሁለት እጅጌ ቆርጦ መቀየር ይቻላል፣ እንዲያውም አዲስ ፋሽን ይመስላል አለች።

«እማዬ፣ እንዳትነኪው» አለች ልጅቷ ግራ እጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ።

የሄደች ቀን ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። ከአውቶቡሱ ተሳፋሪ መሐል በሸሚዝ ያልሆነ አልነበረም፤ ሾፌሩም መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቶ በካርቶን ቁራጭ ራሱን ያራግባል። እሷ ግን ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ላቧ በግንባሯ እየወረደ፣ ጥቁሩን እጅጌ በመስኮቱ አውጥታ መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ አውለበለበችላቸው።